ጅራፍ፣ ድርብ ፓንትና የአሜሪካ ፖስታ ቤት

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ተራ ሳሎን በሚመስል ክፍል ውስጥ ቆማለች። ከኋላዋ መጋረጃ፣ ከጎኗ ያረጀ ሶፋ። ጥቁር ጡት መያዣ፣ እስከ ወገብ የወጣ ጥቁር ፓንት፣ ስቶኪንግና እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት ለብሳለች። የጫማዋ ታኮ ከመርዘሙ የተነሳ በእግሯ ጣቶች ጫፍ የቆመች ትመስላለች። በእጇ ጅራፍ ይዛለች። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ለማስፈራራት የተሰናዳ ነው። ፊቷን ስታዩት ግን ማስፈራራቱ ይበላሻል። ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት ትንሽ ነው የቀራት።

ስሟ ቤቲ ፔጅ ነው። ፎቶው የ1950ዎቹ የኒውዮርክ ሥራ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ዛሬ በጨረታ ይሸጣሉ፣ በሙዚየም ይሰቀላሉ፣ ፋሽን ዲዛይነሮችም ይኮርጇቸዋል። በጊዜያቸው ግን በፖስታ ታሽገው በስውር የሚላኩ፣ ሻጩንም ወህኒ ሊያስወርዱ የሚችሉ ነገሮች ነበሩ። እንዴት እዚህ ደረሱ? ሰውስ ምናቸው ነው የሚማርከው?

መጀመሪያ ቃላቱን እንፍታ፤ በአማርኛ የተስማማንባቸው አይደሉም። ፌቲሽ የሚባለው የሰው ስሜት ከሰውየው ወይም ከሴትየዋ ይልቅ አንድ ነገር ላይ ሲጠመድ ነው። ጫማ ሊሆን ይችላል፣ የቆዳ ልብስ፣ ጓንት፣ ወገብ አጥብቆ የሚያስረው ኮርሴት። ፌምዶም ደግሞ ሴቷ አዛዥ፣ ሌላው ታዛዥ የሚሆንበት የፍቅር ጨዋታ ነው። ጨዋታ ያልኩት አውቄ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ፌቲሽ የሚለው ቃል ራሱ መንገደኛ ነው። ፖርቹጋሎች ምዕራብ አፍሪካ ሲደርሱ ሕዝቡ የሚይዛቸውን ክታብ መሰል ነገሮች በቋንቋቸው «ፌይቲሶ» አሏቸው፤ አስማት እንደማለት። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል አልፎ የሃይማኖት ጥናት ውስጥ ገባ። በ1887 አልፍሬድ ቢኔ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ወደ ፍቅር ጉዳይ አመጣው። አንዱ ሰው ክታቡን እንደሚያመልክ ሌላው የሴት ጫማ ያመልካል ነው ነገሩ። ይህ ቢኔ በኋላ፣ በ1905፣ የአይኪውን (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ፈተና መሠረት የጣለው ያው ሰውዬ ነው። ጫማውንም አእምሮውንም መዝኗል።

ሐሳቡ ግን ከቃሉ ይቀድማል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ውስጥ አንድ ተረት በጣም የተወደደ ነበር። ታላቁ ፈላስፋ አርስቶትል ፊሊስ በምትባል ቆንጆ ይወድቃል። እሷም «እሺ የምልህ እንደ ፈረስ ተንበርክከህ ከተሸከምከኝ ነው» ትለዋለች። ተንበረከከ፤ ጋለበችው። ሰባኪዎች ይህን የሚያወሩት ለማስጠንቀቂያ ነበር። ሰዓሊዎችም ማስጠንቀቂያውን ደጋግመው ሳሉት፤ ሃንስ ባልዱንግ በ1513 በእንጨት ቀርጾ ያተመው ከታወቁት አንዱ ነው። ማስጠንቀቂያ ይህን ያህል ጊዜ የሚሳለው ማየቱ ራሱ ደስ ሲል ይመስለኛል።

አሁን ወደ እውነተኛ ሰው እንምጣ። ሊዮፖልድ ፎን ዛኸር ማዞህ በ1836 በዛሬዋ የዩክሬን ከተማ ልቪቭ ተወለደ። ደራሲ ነበር። በ1869 ዲሴምበር ላይ ፋኒ ፒስቶር ከተባለች ሴት ጋር ለስድስት ወር የሚቆይ ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት እሱ ባሪያዋ ነው፤ ያለችውን ሁሉ ያደርጋል። እሷ ደግሞ በተቻላት መጠን፣ በተለይ ስትጨክን፣ ጸጉራም የአውሬ ቆዳ ካባ ትለብሳለች። አብረው ጣሊያን ሄዱ፤ እሱ የአሽከር ልብስ ለብሶ፣ ስሙንም ቀይሮ። አንድ ፎቶም ተነሱ። እሷ ካባዋን ደርባ ተቀምጣለች፣ እሱ እግሯ ሥር ነው። የዚህ ዘር የመጀመሪያ ፎቶ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1870፣ ከዚህ ሁሉ የወጣው «ቬኑስ በጸጉራም ካባ» የተባለው ልብ ወለዱ ታተመ።

ውሉን ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን አንድ አስቂኝ ነገር አለው። ባሪያው በቀን ስድስት ሰዓት ለራሱ ሥራ እንዲሰጠው ይላል። እመቤቲቱ ደብዳቤዎቹንና ጽሑፎቹን ማየት አትችልም ይላል። ምን እንደምትለብስ ሳይቀር ተጽፎላታል። ታዲያ አዛዡ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያዙት፤ ኒውዮርክም ላይ ይጠብቀናል።

ለጥያቄው ከሁሉ የተሻለ መልስ ያላት የኋላ ሚስቱ ሳትሆን አትቀርም። አውሮራ ሩመሊን ትባላለች፤ በልብ ወለዱ ጀግና ስም ቫንዳ ተብላ ኖረች። በ1906 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ምሬቷን ዘርግፋዋለች። ካባው፣ ጅራፉ፣ የሚያዛት ትእዛዝ፣ ሁሉም የእሱ ምኞት ነበር፤ ለእሷ የዕለት ተዕለት ሸክም። ጨዋታው ሁለቱም ሲፈልጉት ብቻ ጨዋታ መሆኑን ከዚህች ሴት በላይ የመሰከረ ያለ አይመስለኝም።

በ1886 ደግሞ ክራፍት ኤቢንግ የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ስለ ጾታዊ «ሕመሞች» ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ተራ አንባቢ እንዳይባልግበት ብሎ ዋና ዋናውን ቦታ በላቲን ጻፈው። ጥቂት ቆይቶ ከደራሲው ስም ቆርጦ «ማዞኪዝም» የሚለውን ቃል ፈጠረ። ዛኸር ማዞህ ያኔ በሕይወት ነበር። ሰው ስሙ ለሕመም መጠሪያ ሲሆን እያየ መኖር ቀላል አይደለም።

በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የዚህ ሥራ ዋና ከተማ ፓሪስ ነበረች። የውስጥ ልብስ ሻጮች ካታሎጋቸውን በፎቶ ያሳትሙ ነበርና ከካታሎጉ ወደ ፌቲሽ ፎቶ ያለው መንገድ አንድ እርምጃ ነው። ዣክና ሻርል ቢደረር የተባሉ ወንድማማቾች ከሞራቪያ መጥተው ስቱዲዮ ከፈቱ። ጅራፍ የያዘች እመቤት፣ የተንበረከከ ወንድ፣ የሚያብረቀርቅ ቡት ጫማ፤ ኋላ ላይ የምናውቀው ነገር ሁሉ እነሱ ዘንድ ነበር። አይሁዶች ነበሩ። ሁለቱም አውሽቪትስ ውስጥ አለቁ። የፓሪሱ ዘመን በዚያው ከጦርነቱ ጋር ተዘጋ።

አሁን ኒውዮርክ። ኧርቪንግ ክላው በ1938 በማንሃተን 14ኛ ጎዳና ከእህቱ ከፓውላ ጋር አሮጌ መጽሐፍና መጽሔት የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። እንደሚተረከው ወጣቶች እየመጡ ከመጽሔቶቹ ውስጥ የፊልም ተዋናዮችን ፎቶ ቀድደው ይሰርቁ ነበር። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ዘበኛ ይቀጥራል። ክላው ግን ፎቶውን ለብቻው መሸጥ ጀመረ። ገበያው ደራ። መጽሐፉ ተረሳ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ደንበኛ ሌላ ነገር ጠየቀው። በገመድ የታሰሩ ሴቶች ፎቶ። ሌላው ጅራፍ ያላት እመቤት አለ። ሌላው ስድስት ኢንች ታኮ። ክላው ሞዴል ቀጠረ፣ ክፍል አዘጋጀ፣ ካታሎግ አተመና በፖስታ መላክ ጀመረ። ገመዱን የምትቋጥረው፣ ሞዴሎቹን የምታቆመው፣ ብዙውን ጊዜም ካሜራውን የምትይዘው እህቱ ፓውላ ነበረች። ወንዶች ለወንዶች የሠሩት ተብሎ የሚታወቀው ይህ ሥራ ከካሜራው በስተኋላም ሴት እንደነበረበት ብዙ ሰው አያውቅም።

እዚህ ላይ ፖስታ ቤቱ ይመጣል። ከ1873 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ «ጸያፍ» ነገር በፖስታ መላክ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነበር። ሕጉ ኮምስቶክ ይባላል፤ ሕጉ እንዲወጣ ሲወተውት በነበረው በአንቶኒ ኮምስቶክ ስም። ጸያፍ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ሕጉ በቅጡ አይናገርም። ክላው ራሱ መስመሩን ገመተ። እርቃን የለም። ወንድ የለም። የወሲብ ድርጊት የለም። ከፓንት ሥር ጥቁር ነገር እንዳይታይ ሞዴሎቹ ሁለት ፓንት ደርበው እንዲለብሱ አዘዘ።

የዘመኑ ፌቲሽ ፎቶ መልኩን ያገኘው ከዚህ ነው ባይ ነኝ። ሥጋ ማሳየት ሲከለከል ልብሱ ተናጋሪ ሆነ። ጓንቱ ረዘመ፣ ታኮው ረዘመ፣ ፓንቱ ወፈረ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የመብራት ብልጭታ የሚይዘው ቆዳና ሐር ስለሆነ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ተፈለገ። ወንድ ስለተከለከለ ሴት ሴትን ታዛለች፣ ሴት ሴትን ታስራለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጅራፍ የያዘችው ብቻዋን ቆማ ወደ ካሜራው ትመለከታለች። የምትገሥጸው ሰው ፎቶው ውስጥ የለም። ቦታው ክፍት ነው። ገዢው ቤቱ ሆኖ ፎቶውን ሲያይ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ራሱን ያስቀምጣል። ክላው ይህን አስቦ አልሠራውም፤ ወህኒ ላለመውረድ ነበር።

ቤቲ ፔጅ ወደ ክላው የመጣችው በ1952 ገደማ ነው። በ1923 በቴነሲ ናሽቪል ተወልዳ በድህነት ያደገች፣ ግን ኮሌጅ የጨረሰች ሴት ናት። በ1950 ኮኒ አይላንድ ባሕር ዳር ላይ አንድ ፎቶ ማንሳት የሚወድ ፖሊስ አገኛት። ሰፊ ግንባርሽን በፀጉር ሸፍኚው ያላት እሱ ነው። ዛሬ በየፋሽኑ የምናየው ያ ግንባር ላይ ተቆርጦ የወረደ ጥቁር ፀጉር መነሻው ይኸው ምክር ነው። ስለ ገመዱና ስለ ጅራፉ በኋላ ስትጠየቅ ነገሩን እንደ ተራ ሥራ ነበር የምታወራው። ተራውን ፎቶ ተነስቶ ለመከፈል ይህንንም መነሳት ነበረባት። ቀልድ ይመስላት ነበር። ፊቷ ላይ የምናየው ሳቅ ምንጩ ይህ ይመስለኛል።

ከፎቶው ጎን ሥዕልም ነበር። ጆን ዊሊ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው እንግሊዛዊ በ1946 «ቢዛር» የተባለ ትንሽ መጽሔት ጀመረ፤ መጽሔቱ ኋላ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ እስከ 1959 ዘለቀ፣ በጠቅላላው 26 እትም። ሥዕሉም ፎቶውም በአብዛኛው የራሱ ነው። ከሁሉም የሚገርመው የአንባቢ ደብዳቤ ገጹ ነው። ስለ ታኮ ርዝመት፣ ስለ ወገብ ቅጥነት፣ ስለምታዝ ሚስት ሰዎች ረጅም ደብዳቤ ይጽፋሉ። ግማሹ ፈጠራ ሳይሆን አይቀርም። ቢሆንም እስከዚያ ቀን ድረስ «እንዲህ የማስበው እኔ ብቻ ነኝ» ሲል የኖረ ሰው ያንን ገጽ ሲገልጥ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም።

ለክላው ከሳሉት መካከል ኤሪክ ስታንተንና ጂን ቢልብሩ ይገኙበታል። ቢልብሩ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በአንድ ወቅት ዘፋኝም ነበር። ስታንተን ደግሞ ለዓመታት ስቱዲዮ የተጋራው ከስቲቭ ዲትኮ ጋር ነው። አዎ፣ ስፓይደርማንን በሥዕል የፈጠረው ዲትኮ። በአንድ ክፍል፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ግድግዳ የሚወጣ ልጅ፣ ሌላው ላይ ባሏን የምትጋልብ ሚስት።

በ1955 ነገሩ ከረረ። የቴነሲው ሴናተር ኢስቲስ ኪፎቨር ስለ ወጣቶች ጥፋት የሚያጣራ የሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ይመራ ነበር። ዓመት ቀደም ብሎ ኮሚቴው የሕፃናት የሥዕል መጽሔቶችን አፋጥጧል። አሁን ተራው የክላው ነበር። አንድ የፍሎሪዳ አባት ልጁ በገመድ ታስሮ ሞቶ መገኘቱን መሰከረ። የክላው ፎቶዎች ሳያነሳሱት አልቀሩም ተባለ። ግንኙነቱ ግን በማስረጃ አልታየም። ክላው ራሱን የሚያስወነጅል መልስ ላለመስጠት ባለው መብት ተጠቅሞ ዝም አለ። ቤቲም ተጠርታ ነበር፤ ውጭ ጠብቃ ጠብቃ ሳትመሰክር ተመለሰች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞዴልነቱን ትታ ከዓይን ጠፋች።

ሕጉም እየተቀየረ ነበር። በ1957 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሮት በተባለ አሳታሚ ጉዳይ አንድ መለኪያ አወጣ፤ ሥራው በጥቅሉ የተራውን ሰው የወሲብ ስሜት የሚያነሳሳ ከሆነ ጸያፍ ነው። ይህች «ተራ ሰው» የምትል ቃል ለፌቲሽ ነጋዴዎች ቀዳዳ መሰለቻቸው። ኤድዋርድ ሚሽኪን የሚባል የኒውዮርክ አሳታሚ የጅራፍና የቆዳ መጽሐፎች ይሸጥ ነበር። ተከሰሰ። ጠበቆቹ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ይህ መጽሐፍ ተራውን ሰው ያስጠላዋል እንጂ አያነሳሳውም፤ ስለዚህ ጸያፍ አይደለም! ክርክሩ ከብልጠት አልጎደለም። ፍርድ ቤቱ ግን በ1966 ቀዳዳዋን ደፈናት። መጽሐፉ የተዘጋጀው ለአንድ የተለየ ቡድን ከሆነ መለኪያው የዚያ ቡድን ስሜት ነው አለ። ሚሽኪን በድምሩ የሦስት ዓመት እስርና 12,000 ዶላር ቅጣቱ ጸናበት። «ሴቶቹ ለብሰዋል» የሚለው የድርብ ፓንት መከላከያ የማያድነው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ምኑ ይማርካል? አንድ መልስ የለውም፤ አንድ መልስ አለኝ የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ። ለአንዳንዱ ሰው ነገሩ ከትዝታው ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንዱ ቁሳቁሱን ይወዳል፤ የቆዳውን ሽታ፣ የታኮውን ኮቴ። ሌላው የሚወደው ከኃላፊነት ማረፍን ነው። ወንድ ሁልጊዜ ጀማሪ፣ አሳዳጅ፣ ወሳኝ ይሁን በሚባልበት ዓለም ለአንድ ሰዓት «አንተ ዝም በል፣ እኔ አውቃለሁ» መባል ለአንዳንዱ እፎይታ ነው። በዚያ ላይ ያስፈራል። ግን የሚያስፈራው በልክ ነው፤ ማብቂያውን የምናውቀው ፍርሃት ነው። ጨዋታ ያልኩት ለዚህ ነው። በቁም ነገር የሚደረግ ቲያትር ነው፤ ጽሑፉን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ታዛዡ ነው። የዛኸር ማዞህ ውልና የክላው ደንበኞች ደብዳቤ አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም «እባክሽ እንደዚህ አድርገሽ እዘዢኝ» ይላሉ።

አሮጌው ፎቶ ከአዲሱ ይልቅ የሚማርካቸው ሰዎችስ? ዛሬ በስልክ የማይገኝ ነገር የለም። የክላው ፎቶ ግን ይከለክላችኋል። ከዚያ ላይ ያልተሳካ ነገሩ ያምራል። መጋረጃው ተጨማዷል፣ ሶፋው የአያት ቤት ሶፋ ነው፣ ጅራፉን አያያዟ የጅራፍ ሳይሆን የወጥ ማማሰያ ነው። ብዙ ሴቶችም ይወዷቸዋል። እነሱ የሚያዩት ጅራፉን ሳይሆን ልብሱን፣ አቋቋሙን፣ አለማፈሯን ነው። በእርግጥ ልጅቷ በሰዓት የምትከፈል፣ የሰው ምኞት የምትተውን ሠራተኛ ነበረች። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አደባባይ ወጣ። ቪቪየን ዌስትውድና ማልኮም ማክላረን በ1974 ለንደን ኪንግስ ሮድ ላይ የቆዳና የላስቲክ ልብስ በግላጭ ሸጡ። በ1992 ጃኒ ቬርሳቼ የቆዳ ማሰሪያና ዘለበት ሞዴሎቹ ላይ አድርጎ ሰልፍ አወጣ። ሐኪሞቹም ሐሳባቸውን ቀየሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ፌቲሽና በስምምነት የሚደረግ የጅራፍ ጨዋታ በራሳቸው እንደ በሽታ አይቆጠሩም። ክራፍት ኤቢንግ በላቲን የደበቀው ነገር ከዝርዝሩ ለመውጣት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

ክላው ይህን አላየም። በ1963 የፌዴራል ክስ ተመሠረተበት። በጫናው ተሰላችቶ የገመዱንና የጅራፉን ፎቶዎች ኔጋቲቭ አቃጠለ። በ1966፣ የሚሽኪን ፍርድ በተሰጠበት በዚያው ዓመት፣ ትርፍ አንጀቱ ሳይታከም ቀርቶ በ55 ዓመቱ ሞተ። ቤቲ ፔጅ ግን እስከ 2008 ኖረች፤ ፎቶዎቿ ዝነኛ መሆናቸውን የሰማችው ካረጀች በኋላ ነው።

ኔጋቲቮቹ ከተቃጠሉ ታዲያ ዛሬ የምናየው ከየት መጣ? ከፓውላ። ወንድሟ ሲያቃጥል እሷ የወደደቻቸውን እየመረጠች ደበቀች። ከዚያም ሱቁን ተረክባ ለአሥርት ዓመታት እያጠበች ሸጠቻቸው። ገመዱን የቋጠረችውም፣ ከእሳቱ ያወጣችውም አንዲት ሴት ናት።